ለትንሿ ድሬዳዋ ቤቶች መብራት፦ ክብ ባትሪ፣ ማግኔት ወይስ ሶኬት?

ጠረጴዛ ላይ የሠራኋትን፣ ትንሽ ባቡር የሚሄድባትን ትንሿን ድሬዳዋ የሚያዩ ጓደኞቼ ባቡሩን ትተው ስለ ቤቶቹ መብራት ነው የሚጠይቁኝ። አሁን ሦስቱ የየራሳቸውን ለመሥራት ተነሥተዋል። ሁለቱ ምን እንግዛ ብለው ደውለውልኛል፤ አንዱ ግን ሳይጠይቀኝ ማግኔት ገዝቶ መጣ። ይህን የምጽፈው እሱ የከሰረውን ሌላው እንዳይከስር ነው።

የእኔ ሥራ ልኬቱ 1 ለ87 ነው። ጣቢያው፣ የከዚራ ባለ በረንዳ ቤቶችና የመጋላ ሱቆች ተደምረው 11 ናቸው፤ ሁሉም ከካርቶንና ከኮምፔንሳቶ የተሠሩ። ተነቃይ ካልሆኑ ጉድ ነው፤ አቧራችን ሳምንት ሳይሞላው ሐዲዱን ያለብሰዋል፤ እንግዳ ሲመጣም ጠረጴዛው በጎኑ ቆሞ ግድግዳ ይደገፋል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሲአር 2032 የሚባለውን ክብ ባትሪ ነው። ሽቦ የለው፣ ቀዳዳ የለው፣ ቤቱን ማንሣት ብቻ ነው። አንዱን በ60 ብር ገዛሁ፤ ለ11 ቤት 660 ብር። በስሌት፣ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 5 ሚሊአምፔር ለሚወስድ አምፖል 40 ሰዓት ያህል ሊበቃ ይገባል። የእኔዎቹ ግን በአራተኛው ምሽት ደበዘዙ። ያልተከፈተ እሽግ ቀድጄ በቴስተር ስለካው 2.6 ቮልት ብቻ አሳየኝ፤ አምፖሎቼ የሆኑት ነጭ ኤልኢዲዎች ደግሞ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋሉ። ማሸጊያው ከዋናው አይለይም፣ ውስጡ ግን የተኮረጀ ነው። ዋናውን ብታገኙም በየወሩ 660 ብር ለመብራት መክፈል ለእኔ አይዋጥልኝም።

ማግኔት ሲያዩት ያምራል። ሁለቱ ከቤቱ ሥር፣ ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ይለጠፋሉ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉትም ራሳቸው ማግኔቶቹ ናቸው፤ ቤቱ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ጠቅ ብሎ ይበራል። የአንዱን ጥንድ ፊት ገልብጦ የለጠፈ ሰው ቤቱን አዙሮ ሊያስቀምጥ ቢሞክር እንኳ ማግኔቱ ይገፋዋል፤ ይህ ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ዋጋውን ተመልከቱ፦ አንዱ 35 ብር፣ ለአንድ ቤት 140፣ ለ11 ቤት 1,540 ብር። ያውም ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥቼ። ከዚያ ሽቦ ልበይድበት ስል ኃይሉን አጣ። ኒዮዲሚየም የሚባለው የዚህ ማግኔት ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ይደክማል፤ የብየዳው እርሳስ የሚቀልጠው ደግሞ ከ180 በላይ ነው። ስድስቱን እንዲህ አበላሸሁ። የተረፉት ላይ አቧራ እየገባ መብራቱ ይርገበገብ ጀመር። ቤቱ ሲነሣ ደግሞ 12 ቮልት ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፤ አንዲት ሚስማር ወድቃ ሁለቱን ማግኔቶች ብታገናኝ አዳፕተሩ ሊቃጠል ይችላል።

እኔ የማምነው ባለ ሁለት ሽቦ ሶኬትን ነው፤ የባጃጅ መለዋወጫ በሚሸጡ ሱቆች የሚገኘውን ትንሹን፣ ጠቅ ብሎ የሚቆለፈውን። ጥንዱ 25 ብር፣ 11 ጥንድ 275 ብር፤ የሚከፈለውም አንዴ ነው። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አሥር ጊዜ ሰክታችሁ ንቀሉት። በአሥረኛው ከላላ የተኮረጀ ነውና መልሱት። የተሸፈነው ሴቴ ጫፍ ኃይል በሚመጣበት፣ በጠረጴዛው በኩል ይሁን፤ ወንዴው ከቤቱ ይንጠልጠል። ይህን ገልብጦ የሠራ ሰው የማግኔቱን ችግር መልሶ አመጣው ማለት ነው።

ሽቦው ላይም ተጠንቀቁ። መዳብ ተብሎ የተሸጠልኝ አንድ ጥቅል በሦስተኛው ነቀላ እየተሰበረ አስመረረኝ። በቢላ ብፍቀው ውስጡ ነጭ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኖሯል፤ ብየዳም በወጉ አይዘውም። በርካሽነቱ 90 ብር አተርፋለሁ ብዬ የሁለት ቅዳሜ ሥራዬን አጣሁ። ሳትፍቁ አትግዙ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ላይ የቤቱን የውስጥ ስፋት የሚያክል የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ለጥፉ፤ ቤቱ እንደ መሶብ ክዳን ይገጠምበታል፣ አይንሸራተትም። መሐሉን ሶኬቱ በሚያልፍበት ልክ ብሱት፤ ከቤቱ የሚወርደው ሽቦ ግን አንድ ስንዝር ትርፍ ይኑረው፤ ካጠረ ቤቱን አንሥቶ ሶኬቱን መንቀል አይቻልም። ኃይሉ ከአሮጌ የኢንተርኔት ራውተር ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ይምጣ፤ እኔ ያለ ምንም ወጪ አግኝቼዋለሁ። ከባቡሩ መቆጣጠሪያ ግን አትቀጥሉት፤ ባቡሩ ሲዘገይ ከተማው ይጨልማል። ለእያንዳንዱ አምፖል የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ብትሰጡት 9 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል፤ 30 አምፖል እንኳ አንድ አምፔር ላለው አዳፕተር ቀላል ጭነት ነው።

አንድ ክፍል ብቻ ላላቸው የመጋላ ሱቆች ሶኬቱም አያስፈልግም። አምፖሉ ከታችኛው ቁራጭ ላይ ቆሞ ይቅር፣ ሱቁ ይደፋበት፤ ወጪው ዜሮ ነው። ሶኬቱ ፎቅ ላላቸው ቤቶችና እንደ ጣቢያው ብዙ ክፍል ላለው ይቀመጥ።

ማግኔት የገዛው ጓደኛዬም አይጣላቸው። ሽቦ ሳይበየድባቸው የቤቶቹን ጣሪያ ይያዙለት፤ አምፖል በተቃጠለ ጊዜ ኮላ ሳይላጥ ይከፈትለታል።