ለቆሮሶ ዓሣ መኖ የቱ ይሻላል? የቢራ እርሾ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይስ ሽፈራው?

ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚያረቡና ዕድገቱን የሚያፋጥን ተፈጥሯዊ ጭማሪ የሚፈልጉ ከሆነ መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ቢራ ፋብሪካ በቅርብዎ ካለ እርሾውን ይግዙ። ከዚያ በፊት ግን የኩሬውን ሙቀት ይለኩ። ቆሮሶ ጥሩ የሚያድገው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ነው። ውሃው ከ20 በታች በሚሆንበት የደጋ ኩሬ የመብላት ፍላጎቱ ስለሚቀንስ ጭማሪው ብዙም አይረዳውም። መኖዎ ፉርሽካ ብቻ ከሆነም ገንዘብዎን መጀመሪያ ለኑግ ፋጉሎ ያውሉት።

የቢራ እርሾ ሲደርቅ ከ40 በመቶ በላይ ፕሮቲን አለው። እኔ የማስቀድመው ግን ለፕሮቲኑ ብቻ አይደለም። በእርሾው ሴል ግድግዳ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ ንጥረ ነገር የዓሣውን በሽታ የመከላከል አቅም ያነቃቃል፤ ስለዚህ መኖም ጭማሪም ይሆናል። ችግሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛው ውሃ መሆኑ ነው። ለማጓጓዝ ይከብዳል፣ በሞቃት ቦታ ቶሎ ይበላሻል፤ በዕለቱ ማድረቅ የማይችል ሰው ባይገዛው ይሻላል። ሻጩ የሚሰጥዎ እርሾ መሆኑንም ያረጋግጡ። ከብቅሉ የሚቀረው ገለባ አሰር የበዛበት የከብት መኖ ነው፤ ለቆሮሶ እርሾውን አይተካም።

ነጭ ሽንኩርት በየገበያው አለ፣ ዋጋው ግን ይጎዳል። በቆሮሶ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በአንድ ኪሎ መኖ ከ10 እስከ 30 ግራም ዱቄት ተጨምሯል። ትኩሱ ሽንኩርት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ በዝቅተኛው መጠን እንኳ ለአንድ ኩንታል መኖ 3 ኪሎ ያህል የተላጠ ሽንኩርት ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ከመስጠት ይልቅ የዓሣ ጫጩቶች ወደ አዲስ ኩሬ በሚገቡበትና በሽታ በሚያሰጋበት ሰሞን ብቻ መስጠትን እመርጣለሁ። አሊሲን የተባለው ጠቃሚ ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቅቅ ነው፤ ቀድሞ ከተቀቀለ አይገኝም። ጥሬውን ወቅጠው ጥቂት ደቂቃ ካቆዩት በኋላ ከቀዘቀዘ መኖ ጋር ይደባልቁት።

ኮንሶና ጋሞ አካባቢ ላለ አርቢ ሽፈራው (ሞሪንጋ) ከደጁ ስለሚገኝ ርካሽ ነው። የደረቀው ቅጠል 25 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። ሆኖም ሳፖኒን፣ ታኒንና ፋይቴት የተባሉ ዓሣው ከመኖው እንዳይጠቀም የሚያውኩ ውህዶች ስላሉበት ሲበዛ ዕድገትን ወደ ኋላ ይጎትታል። ከመኖው ፕሮቲን ከአንድ አሥረኛው በላይ እንዲተካ አይፍቀዱ። ቅጠሉን እንደ ዕድገት ማፋጠኛ በውድ የሚሸጥልዎትን ሰው ግን አይስሙት፤ ሽፈራው የመኖ ግብዓት ነው።

ከሦስቱ ሌላ የሚነሳው ስፒሩሊና (አልጌ መሰል ደቃቅ የውሃ ሕያው) በቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅና በጪቱ ሐይቅ በተፈጥሮ የሚበቅል፣ ፕሮቲኑ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ ድንቅ ነገር ነው። ሆኖም ለሰው ምግብነት በሚሸጥበት ዋጋ ገዝቶ ቆሮሶ መመገብ አያዋጣም።

የመረጡትን ለኩሬው በሙሉ ከመስጠትዎ በፊት እኩል ክብደት ያላቸውን ጫጩቶች በሁለት የመረብ ቤቶች ለይተው ለአንደኛው ብቻ ይጨምሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑ፣ የፈጀውንም መኖ ይመዝግቡ። የክብደቱ ጭማሪ ሲሸጥ የጭማሪውን ዋጋ ካልሸፈነ ግዢውን ያቁሙ።