መምህራን፣ ይህችን ባለሙያ እወቁልኝ

ይህን የምጽፈው አንዲት የንግግርና የድምፅ ቴራፒስት ለማመስገን ነው። የምትሠራው አዲስ አበባ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ስሜ አይጠራ ስላለችኝ አልጠራውም። ሥራዋ ግን መታወቅ አለበት።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ክፍሌ በልጆች ጢም ያለ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ድምፄ ይሻክር ነበር። ሳምንቱ ሲገባደድማ ጭራሽ ይዘጋል። ብርድ ነው ተባለ። ዝንጅብል በማር፣ ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ያልቀመስኩት የለም። ለጊዜው ያለሰልሳሉ። የተጎዳ ድምፅ ግን በየቀኑ እየተጮኸበት አይድንም።

የአንገት በላይ ሐኪሙ ጉሮሮዬን በካሜራ ሲያዩት በሁለቱም የድምፅ አውታሮቼ (እየተርገበገቡ ድምፅ በሚያወጡት የጉሮሮ ክፍሎች) ላይ ትንንሽ እባጮች ተገኙ። በመምህራንና በዘፋኞች ላይ የተለመደ ነው አሉኝ። ቀዶ ጥገና ይታዘዝልኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ለዚህ ዓይነቱ ቀድሞ የሚሞከረው የድምፅ ሕክምና ነው ብለው ወደ እሷ ላኩኝ።

ገና ስገባ «እስቲ እኔን እንደ ተማሪ ቆጥረሽ አስተምሪኝ» አለችኝ። አስተማርኳት። አንገቴ ሲገታተር፣ ትንፋሼ አልቆም ሳላቆም ስናገር አየች። ከዚያ አስረዳችኝ። ሴት ስትናገር የድምፅ አውታሮቿ እርስ በርስ እየተጋጩ በሴኮንድ 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ። ስትጮህ ደግሞ ግጭቱ ይበረታል። ጉሮሮ መጥረግም ያጋጫቸዋል፤ በምትኩ ውኃ መጎንጨት ይሻላል። በግድ ማንሾካሾክ እንኳ ዕረፍት አይደለም።

ከሰጠችኝ ልምምድ የወደድኩት የስትሮው ነው። ስትሮውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ትከቺና «ኡ» እያልሽ ውኃውን ታንቦጫቡጫለሽ። ድምፁን ከወፍራም ወደ ቀጭን ቀስ እያልሽ ትወስጃለሽ። ከፊት የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹ በኃይል ሳይጋጩ እንዲርገበገቡ ያግዛቸዋል። ጠዋት ወደ ክፍል ከመግባቴ በፊት አሁንም እሠራዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን አስተማሪነቴን ስለለወጠችው ነው። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህን በ1911 እ.ኤ.አ. የገለጸው ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ስለዚህ ከልጆቹ ጫጫታ በላይ መጮህ ትርፉ ድካም ነው። አሁን በእጄ አጨበጭባለሁ፤ እነሱ ምቱን ተቀብለው ያጨበጭባሉ። ጸጥ ሲል እጀምራለሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አላወራም፤ ጽፌ፣ ዞሬ፣ ከዚያ እናገራለሁ። የሚያወራ ልጅ ካለ ከሩቅ አልጠራውም፣ አጠገቡ ሄጄ እቆማለሁ። ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሬ፣ መሀል ላይ ፋታ ስሰጥ፣ ኋላ የተቀመጡት ከበፊቱ በተሻለ ይሰሙኛል። ሰሌዳውንም በእርጥብ ጨርቅ ነው የምናጠፋው፤ የጠመኔው ብናኝ ቀንሶልናል።

ይህን ሁሉ መምህር ስሆን ማንም አላስተማረኝም። ስለ ትምህርት ዕቅድ ብዙ ተምረናል፤ ቀኑን ሙሉ ስለምንሠራበት ድምፅ ግን ምንም። በመምህራን ማሠልጠኛ ሊሰጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሚያዝያ 8 የዓለም የድምፅ ቀን ነው። ርዕሳነ መምህራን፣ እባካችሁ በዚያ ሰሞን እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ጋብዙ።

ድምፃችሁ ሻክሮ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። ደም ካያችሁ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራችሁ፣ አንገታችሁ ላይ እብጠት ካለ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ። የድምፅ ቴራፒስት በአገራችን ጥቂት ስለሆነ፣ ሪፈር ይጻፍልኝ ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ሆስፒታሉ የት እንደሆነ የምትፈልጉ መምህራን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውንና የቀጠሮውን አያያዝ እነግራችኋለሁ።