ለልጅ የቱ ይገዛ? ተፈጥሮን የሚያመሰግኑ ሁለት የሥዕል መጻሕፍት

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ማታ ማታ የምታስነብበኝ «ጊቪንግ ታንክስ»ን ነው፤ ምርጫው የኔ ቢሆን ግን «ዊ አር ግሬትፉል»ን አነሳ ነበር። ሁለቱም ተፈጥሮን የሚያመሰግኑ የእንግሊዝኛ የሥዕል መጻሕፍት ናቸው፣ የሁለቱም ደራሲዎች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ሲገለጡ ግን ለየቅል ናቸው።

«ጊቪንግ ታንክስ» በ1995 የወጣ ነው። ደራሲው የሞሃውክ ሕዝብ መሪ የነበሩት ጄክ ስዋምፕ ናቸው። ሕዝባቸው ስብሰባም ሆነ ሥርዓት ከመጀመሩ በፊት የሚያደርሰውን የምስጋና ቃል ነው ለልጅ እንዲሆን አሳጥረው ያቀረቡት። ታሪክ የለውም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ምድር ትመሰገናለች፣ ከዚያ ውሃው፣ ሣሩ፣ ፍሬው፣ እንስሳቱ፣ ዛፉ፣ ወፉ እያለ እስከ ከዋክብት ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ብሎኝ ነበር። ለካ ይሄ የሚነበበው እንደ ጸሎት ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ስለሆኑ እያነበቡ እዚያው ወደ አማርኛ መመለስ ቀላል ነው፣ ልጄ አሁን ገጹን ሳልገልጥ ቀድማኝ «ውሃ፣ እናመሰግናለን!» ትላለች። ጨረቃ አያት ተብላ ነው የምትጠራው። ከሃይማኖቴ ጋር አይሄድም የሚል ወላጅ ሳይገዛ በፊት ያገላብጠው። እኛ ቤት «እማማ ጨረቃ» ሆና ቀርታለች።

«ዊ አር ግሬትፉል» የትሬሲ ሶሬል ነው፣ በ2018 የታተመ። ደራሲዋ ከቸሮኪ ሕዝብ ናት። እዚህ ሰው አለ፣ ምግብ አለ፣ ጨዋታ አለ። ዓመቱ በአራት ወቅት ተከፍሎ ይሄዳል፤ የሚጀምረውም ቅጠል ሲረግፍ ነው፣ አዲስ ዓመታቸው ያኔ ስለሆነ። አሜሪካ ሆና እንቁጣጣሽን ለምታከብር ልጅ ይሄን ማስረዳት አይከብድም። የፍራኔ ሌሳክ ሥዕል ደማቅ ነው፣ ገጹ በትናንሽ ሰዎች ጢም ያለ፣ ልጅ በጣቷ እየጠቆመች ቶሎ የማታልፈው። «ኦጃሊሄሊጋ» የሚለው የምስጋና ቃል ደግሞ እየተመላለሰ ይመጣል፣ ሁለት ቀን ካነበባችሁት ቤቱ ሁሉ ይለዋል። ብቻ ሁሉም ደስታ አይደለም። ከአገራቸው ሲባረሩ መንገድ ላይ ያለቁት የቸሮኪ ቅድመ አያቶችም ይነሳሉ፣ ያኔ ጥያቄ ይመጣል፣ ተዘጋጁ።

እኔን የገዛኝ መጨረሻው ላይ ያለው ነው። ሴኮያ የፈጠረው የቸሮኪ ፊደል ሙሉው ሰፍሯል። እንደኛው አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ከነአናባቢው ይይዛል። ሀ ሁን የጀመረችው ልጄ አፍጥጣ አየችውና «እነሱም ፊደል አላቸው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የራሷን ፊደል ገበታ አምጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችው፣ የሚመሳሰል ስትፈልግ መኝታ ሰዓት አለፈ።

ስለዚህ ልጃችሁ ገና ሦስት፣ አራት ዓመት ከሆነ፣ ወይም ለመኝታ ሰዓት የሚሆን ከፈለጋችሁ፣ «ጊቪንግ ታንክስ»። ትምህርት ቤት የገባ፣ «ለምን?» የሚያበዛ ከሆነ ሁለተኛውን ውሰዱ። «ጊቪንግ ታንክስ»ን ስታዙ ግን በደራሲው ስም ፈልጉ። በዚሁ ርዕስ ስለ አሜሪካ የምስጋና ቀን በዓል የተጻፉ ሌሎች መጻሕፍትም ስላሉ የተርኪ ጥብስ ሥዕል ይደርሳችሁና ታርፋላችሁ።