ቪዛ ማራዘም ለሰለቻችሁ፦ የፒያሳዋ ፎቶ ኮፒ ቤት

ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ነው ያደግኩት። በወረቀት ግን የውጭ አገር ሰው ነኝ። የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዝኩ ቆይቷል፤ በ1996 የወጣው የዜግነት አዋጅ ደግሞ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። እናቴን ላስታምም ስመጣ የገባሁት በቱሪስት ቪዛ ነው። ቱሪስት! እትብቴ የተቀበረው አራዳ ሆኖ።

የቱሪስት ቪዛ የ30 ወይም የ90 ቀን ነው። ሲያልቅ ታራዝማለህ፣ ያም ያልቃል። ቀን ካሳለፍክ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠራል፣ ያውም በዶላር። እኔን ማራዘሚያው ከጎንደር አዘዞ አዲስ አበባ ቦሌ አመላለሰኝ። የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ ታክሲ፤ ሂሳቡን ባልናገር ይሻላል። በዚያ ላይ አንድ ደላላ «እኔ እጨርስልሻለሁ» ብሎ ቀብድ ተቀበለኝና ስልኩን ዘጋ።

የአክስቴ ልጅ ናት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ወዳለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት የላከችኝ። ከውጭ ስታዩዋት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚጠረዝባት ቤት ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለጉርድ ፎቶ ግድግዳ ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ። የቪዛ ፎርም በኦንላይን ይሞላሉ፣ ሰነድ ስካን ያደርጋሉ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ።

ማራዘሚያ ላስሞላ ነበር የሄድኩት። ልጁ ፓስፖርቴን ገልጦ የትውልድ ቦታዬን አየና «ማዘር፣ ቢጫ ካርድ ለምን አያወጡም?» አለኝ። (ማዘር ማለቱን ቢተው ደስ ይለኛል። ግን አፉ ለምዷል።) ያ ደላላ ይህን አንድም ቀን አላነሳልኝም። ለምን ያነሳል? እኔ በየጊዜው ሳራዝም አይደል የሱ እንጀራ!

ለማታውቁት፦ ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው፤ መነሻው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። እናንተ ራሳችሁ፣ ወይም ከወላጅ፣ ከአያት፣ ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ ይመለከታችኋል። ካርዱን የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራትም የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። መምረጥና መመረጥ ግን የለም፤ መከላከያና ደህንነት መቀጠርም እንደዚሁ። በኔ ዕድሜ መከላከያ የሚመኘኝ ስለሌለ ብዙም አልከፋኝም።

ችግሩ ማስረጃው ነው። እኔ የወጣሁት በመተማ በእግሬ፣ በሱዳን በኩል ነው። የድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከየት ላምጣ? ያለኝ አባቴ ከማዘጋጃ ቤት ያወጣልኝ የልደት ወረቀት ብቻ ነበር። እሱ ላይ የአባቴ ስም አለ፣ ፓስፖርቴ ላይ የባሌ። ልጁ ሳልነግረው «የጋብቻ ወረቀት ይጨመርበት» አለ።

ይቺን ቤት የወደድኳት ግን በቀጠለው ነገር ነው። የልደት ወረቀቴ ታኅሣሥ 19 ቀን 1956 ይላል፤ የገብርኤል ዕለት። ፓስፖርቴ ዲሴምበር 28 ቀን 1963። ታኅሣሥ 19 ዲሴምበር 28 ነው ሲባል ነው የኖርነው። ልጁ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና «29 ነው መሆን ያለበት» አለኝ። ተከራከርኩት። እሱ ጣቱን እየቆጠረ አስረዳኝ፦ 1955 ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ነው። ስለዚህ የ1956 እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ተገፋ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያላየውን አየብኝ! የልዩነቱን ምክንያት በአንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፎ ከፋይሉ ጋር አያያዘልኝ። አዲስ አበባ ኢሚግሬሽን መስኮቱ ላይ ሠራተኛዋ ሁለቱን ቀን አይታ ቅንድቧን ስታነሳ ወረቀቱን አቀበልኳት። አነበበችው፣ ከፋይሉ ጋር ስቴፕል አደረገችው፣ አለፍኩ።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣታለሁ። አንዷ የጎደለችው በምክንያት ነው። ዋጋ የሚለጠፍ ነገር የለም፤ ዲያስፖራ መሆናችሁ ከታወቀ ትንሽ ከፍ ይላል። እኔ ስምንት መቶ ብር ከፍያለሁ፣ አልቆጨኝም፣ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። መቀመጫ የለም። መብራት ከሄደ ቁሙ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከነከነኝ ግን የኢሜይሉ ጉዳይ ነው። ኢሜይል የሌለው ደንበኛ ሲመጣ ራሳቸው ይከፍቱለትና የይለፍ ቃሉ እነሱ ዘንድ ይቀራል። መልሱም የሚመጣው ወደዚያው ነው። ለኔም እንደዚያ ሊያደርግ ሲል የራሴን አስገባሁ። ዞር ስል ደግሞ ስክሪኑ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ፓስፖርት በፎልደር ተደርድሯል። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ግን ነገሩ ልክ አይደለም።

ሥራው ጥሩ ስለሆነ አሁንም ሰው እልካለሁ። የጥምቀት ሰሞን እንግዳው ስለሚበዛ ከዚያ በፊት ሂዱ፣ ጠዋት። ፓስፖርታችሁ ከስድስት ወር በላይ ዕድሜ እንዳለው ከቤት አይታችሁ ውጡ። ፍላሽ ያዙና የራሳችሁን ፋይል ገልብጣችሁ ውሰዱ፤ ከነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲያጠፉትም እዚያው ቆማችሁ እዩ።