የጎልፍ ጂቲአይዬን ሞላ ቀይሬ አሥራ አንድ ወር፦ ከሐረጎ ኩርባ እስከ ሰፈሬ ኮብልስቶን

መኪናዬ የ2007 ሞዴል ጎልፍ 5 ጂቲአይ ናት። ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል ካምቢዮ። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ መኪና መያዝ ትንሽ እብደት እንዳለው አውቃለሁ። እሱ አልበቃ ብሎኝ መስከረም ላይ በ30 ሚሊሜትር ዝቅ አደረግኳት።

ሞላዎቹ ጀርመን ሠራሽ ናቸው። የአጎቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። አራት ሞላ በሻንጣ ቀላል ሸክም አይደለም፤ እስካሁን ውለታውን ይቆጥርብኛል። ዋጋው ለበዓል የሚሆን ሁለት ደህና ሙክት ይገዛል። ያኔ "ወጪው ይኸው ነው፣ አለቀ" ብዬ ነበር። የዋህ ነበርኩ።

ለምን ዝቅ አደረግካት ለሚለኝ መልሴ ሐረጎ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ለሥራ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጨርሰህ ትወርዳለህ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ ድንገት ፊት ለፊትህ እያቃሰተ የሚወጣ ከባድ መኪና። ስመለስ በዳገቱ ጉልበት አይቸግረኝም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ የእኔው ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማው። የሚያስቸግረኝ ኩርባ ላይ ስትገባ ወደ ጎን ማዘንበሏ ነበር። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ መሪ ስጠመዝዝ ትከሻዋ ይወድቃል።

አጭር ሞላ ለዚህ መድኃኒት ነው። ቁመቱ አጠር፣ ጥንካሬው ጠንከር ያለ ነው። መኪናዋ ወደ መሬት ስትቀርብ የክብደቷ ማዕከልም አብሮ ይወርዳል፤ ኩርባ ላይ የሚያጋድላት ነገር ይቀንሳል። የገዛሁት ዓይነት አንዱ ጫፍ ላይ ጥምጥሙ የተቀራረበ ነው። ለትንሽ ጉድጓድ ለስለስ ይልና ጭነት ሲበዛበት ይጠጥራል። ወረቀቱ ላይ እንዲያ ይላል። በአስፋልት ላይ እውነት ነው። በእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ ግን ለስለስ የሚለውን ክፍል እስካሁን አላገኘሁትም።

የመጀመሪያው ገጠማ የተሠራው እዚሁ ከተማ ነው። ጋራዡን አልጠራውም። ልጆቹ ቅን ናቸው፣ ግን ጎልፍ ብዙ አልነኩም። የኋላው ቀላል ነው፤ ሞላውና ሾኩ (የሞላውን ዝላይ የሚገታው) ለየብቻ ስለሆኑ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ ፈትተህ ዝቅ ስታደርገው ሞላው ይወጣል። የፊቱ ነው ጣጣው። ሾኩ የጎማው መያዣ ብረት ውስጥ ተሰክቶ ተጣብቋል። ያንን ስንጥቅ ከፈት የሚያደርግ ልዩ መፍቻ ያስፈልጋል፤ እነሱ መዶሻ ነበራቸው። ደግሞ የተጨመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። መጨመቂያው ሲንሸራተት አይቼ ከጋራዡ ወጥቼ ማኪያቶ ጠጣሁ። ተመልሼ ስገባ ሥራው አልቋል።

ስታምር! ከጎማው በላይ አራት ጣት ይገባ የነበረው ክፍተት ወደ ሁለት ጣት ወርዷል። በሜትር ስለካው የፊቱ 26 ሚሊሜትር ወርዶ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞላው ተደላድሎ 31 ሆነ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ልኬት "ተጭበረበርኩ" ብላችሁ አትናደዱ። ጎረቤቴ ግን ቆም ብለው አዩዋትና "ምነው ልጄ፣ መኪናህ ሰገደች እንዴ?" አሉኝ።

በነጋታው ሐረጎን ወረድኩ። እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም፣ ግን ሌላ መኪና ሆናለች። መሪውን ገና ስታስበው ትታጠፋለች። ፍሬን ላይ አፍንጫዋ አይደፋም። ፍጥነቴን አልጨመርኩም፤ ሐረጎ ላይ ፍጥነት የሚጨምር ሰው ከባድ መኪና አያውቅም። በዚያው በድሮው ፍጥነት ግን ልቤ ተረጋጋ። ለዚህች 25 ኪሎ ሜትር ስል ሁሉንም ነገር ይቅር ብያታለሁ።

ይቅር የምለው ነገር ደግሞ ብዙ ነበር። በመጀመሪያው ወር ከኋላ "ጢዝ ጢዝ" የሚል ድምፅ መጣ፣ ግራዋም ከቀኟ ከፍ ብላ ቆመች። ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሥር ገብተው አይተው ሳቁ። ልጆቹ የክንዶቹን ቡሎኖች ያጠበቁት መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ እያለ ነው። በክንዱ መጋጠሚያ ቡሽ ውስጥ ያለው ጎማ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ ተንጠልጥሎ ከታሰረ መኪናዋ መሬት ስትነካ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ እንደተጠመዘዘ ይውላል፣ ከዚያ ይቀደዳል። "አብሽር፣ ገና አልተቀደደም" አሉኝ። አራቱም ጎማ መሬት ይዞ፣ ክብደቷ እንዳረፈ፣ ቡሎኖቹን አላልተው እንደገና አጠበቁ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ድምፁ ጠፋ፣ መኪናዋም ቀጥ አለች።

ሁለተኛው ስህተት የራሴ ነው። ከገጠማው በኋላ "አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አያስፈልገውም" ሲሉኝ አመንኩ፤ ብር መቆጠብ ፈልጌ ነበር። መኪና ዝቅ ሲል ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደላሉ፣ የፊትና የኋላ አቅጣጫቸውም ይዛባል። አራተኛው ወር ላይ ጎሚስታው የኋላውን ጎማ አወጣና በእጄ እንድዳስሰው ሰጠኝ። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ነው። የውስጡ ጠርዝ ሽቦው ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ሁለት 225/45 አሥራ ሰባት ጎማ በከንቱ ሄደ፤ የአላይመንቱን ዋጋ ስንት ጊዜ እጥፍ እንደሆነ ላለማስላት ወሰንኩ። አዲስ አበባ ስሄድ አስተካከልኩት። የዚህ ጎልፍ ጥሩነቱ የኋላ ጎማዎቹ መጋደልም አቅጣጫቸውም በቡሎን የሚስተካከል መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲሶቹ ጎማዎች እኩል እየተበሉ ናቸው። የፊት መብራቱንም እዚያው አስለኩት። ነሐሴ ላይ ደሴ በጉም ስትዋጥ የተዛባ መብራት ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ሾክ ነው፤ ይህን ግምገማ ለአንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ለዚህ አንብቡት። የፋብሪካውን ሾክ እንዳለ ትቼ ሞላ ብቻ ነበር የቀየርኩት። ሾኮቹ 120,000 ኪሎ ሜትር የሠሩ ናቸው። አዲሱ ሞላ ጠንካራ ስለሆነ ሲዘል በኃይል ይዘላል፤ ያንን ዝላይ የሚገታው ሾኩ ነው። ደግሞ ዝቅ ስላለች ሾኩ ሁልጊዜ ግማሽ ተጨምቆ ነው የሚሠራው፣ ዘንጉ ላይ ያለውን ማቆሚያ ጎማም ቶሎ ቶሎ ይመታል። ያ ጎማ እንደ ሞላው መመሪያ ማጠር ነበረበት። አላጠሩትም። ስድስተኛው ወር ላይ የፊት ቀኙ ዘይት ማልቀስ ጀመረ፤ መኪናዋም ከጉድጓድ በኋላ ሦስት ጊዜ እሺ እሺ እያለች አንገቷን ትነቀንቅ ነበር።

ቢልስታይን ቢ8 የሚባል ሾክ አስመጣሁ። ቢ6 የሚባለው ለፋብሪካው ቁመት ነው፤ ቢ8 ግን ዝቅ ላለ መኪና ተብሎ አጠር ተደርጎ የተሠራ ነው። የላይኛውን መቀመጫና ኩሽኔታም አብሬ ቀየርኩ፤ ያ ሁሉ ፈትቶ መግጠም ለሁለተኛ ጊዜ ስለማይደገም። የሾኮቹ ዋጋ ከሞላዎቹ በእጥፍ ይበልጣል። ግን እውነቱን ልናገር፣ የገዛሁት መኪና የመጣው ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበረኝ ጠንካራ ወንበር ነበር። አሁን ጉድጓዱን አንዴ ትመታዋለች፣ ያልፋል።

ያልተፈታው ችግር ቁመቱ ራሱ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ቤቴ የሚያስገባው ኮብልስቶን 300 ሜትር ቢሆን ነው። መሃሉ ላይ ሰፈሩ ለባጃጆች ብሎ ያበጀው የፍጥነት መቀነሻ አለ፤ ሰያፍ ካልሄድኩ ማርሚታው ይነካል። አራት ሰው ጭኜ ሐይቅ ዓሣ ልንበላ የሄድን ቀን ኋላ የተቀመጠችው እናቴ በየጉድጓዱ ስሜን ትጠራ ነበር። ስንመለስ ባጃጅ ይሻለኛል አለች፤ በቁም ነገር ነው። በክረምት ደግሞ ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ ጥልቀቱ አይታወቅም። ሐምሌ ውስጥ ሁለቴ የሞተር ሥር መሸፈኛውን ፕላስቲክ ገንጥያለሁ። ብረት ጠባቂ ሳላስገጥም ዝቅ ማድረጌ ትልቅ ድፍረት ነበር፤ የሞተር ዘይት መያዣው ኮፓ ቢሰነጠቅ ኖሮ ሐረጎ ላይ ዘይቴን አፍስሼ ነበር የምቆመው።

እንደገና ቢሆን ምን አደርግ ነበር? መጀመሪያ ሾክ፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ሚሊሜትር ብቻ የሚያወርድ ሞላ። 30 ለደሴ በዛ። ከፍ አድርጎ ማሽከርከር የለመደ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ለቪትዝ እንኳ ሞላ ሥር ማስነሻ በሚያስገባበት አገር፣ እኔ ወደ ታች ስሄድ ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ። 13,000 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ፤ ሞላዎቹ ራሳቸው አልዛጉም፣ አልወረዱም፣ አልተሰበሩም። በእነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

የፋብሪካውን ሞላ አትሽጡ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የጎልፍ ዕቃ እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የጎልፍ ባለቤት አራቱንም ልግዛህ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ቀጣዩ ክረምት ከመግባቱ በፊት ልመልሳቸው እያሰብኩ ነው። ሦስቱ ጓዳ ውስጥ በጆንያ አሉ። አራተኛውን እናቴ አጥባ የጀበና ማቶት አድርጋዋለች፤ ጠይቄያት "ይኼስ ወገብ አይቆርጥም" ብላ ከለከለችኝ።