«የፍሊፐር ጉልበት ማሳደጊያ ኪት» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አንዴ

አሮጌ ፒንቦል ማሽን (በቁልፍ በሚነሱ ክንዶች፣ ማለትም በፍሊፐሮች፣ ኳስ የሚመታበት መጫወቻ) ያላችሁ ሰዎች፣ «የፍሊፐር ጉልበት ማሳደጊያ ሙሉ ኪት» እየተባለ የሚሸጠውን ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ። ገንዘቡስ ይሁን፣ ማሽኑ ራሱ ከመቃጠል የተረፈው ለጥቂት ነው።

ማሽኔ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚባል ነገር የሌለበት፣ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ በሞተርና በኮንታክት ብቻ የሚሰራ የድሮ ኤሌክትሮሜካኒካል ነው። ነጥብ የሚቆጥረው በሚሽከረከር ከበሮ ሲሆን ቀጭ ቀጭ ሲል መስማቱ ብቻ ያዝናናል። ከጊዜ በኋላ የግራው ፍሊፐር ደከመ። ኳሷ 80 ግራም ገደማ ብትሆን ነው፣ እሷን እንኳ ግማሽ ሜዳ ማድረስ አቃተው። ላይ ያሉትን ኢላማዎች መምታት ሕልም ሆነብኝ። «ኮይሉ አርጅቷል» አልኩ፤ ብረት ስቦ ፍሊፐሩን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል ማለቴ ነው። ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው፣ ሻጮቹም የሚነግዱት በዚህችው አባባል ነው።

ማስታወቂያው «ፍሊፐር ከመጣበት ከ1947 ጀምሮ ለተሰራ ማንኛውም ማሽን ይሆናል» ይላል። ዓመቱ ልክ ነው። ጎትሊብ ባለ ስድስት ፍሊፐሯን ሀምፕቲ ደምፕቲን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ስራውንም ያውቃል ብዬ አመንኩት። መንቃት የነበረብኝ ግን «ማንኛውም» የምትለዋ ቃል ላይ ነበር። ለሁሉም የሚሆን ኮይል ብሎ ነገር የለም። እንደ እኔ ዓይነቶቹ የድሮ ማሽኖች ፍሊፐራቸውን በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው የሚነዱት፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጡት ባለ ቦርዶቹ ደግሞ በዲሲ (አቅጣጫው በማይቀየር)። ቮልቴጁም ከማሽን ማሽን ይለያያል።

ዕቃው ደረሰ። ሁለት ኮይል፣ አንድ ከረጢት ላስቲክ፣ አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ። ኮይሎቹ ላይ ቁጥር የለም። ኦሪጅናል ኮይል ወገቡ ላይ የተጠቀለለ ወረቀት አለው፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የዕቃ ቁጥሩ ታትሟል። ስንት ዙር ሽቦ እንዳለውና የሽቦው ውፍረት ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው። የእኔዎቹ ወረቀታቸው ነጭ፣ ባዶ። ሽቦ የሚበየድባቸው ጆሮዎች ላይ ደግሞ ትንንሽ ጥቁር ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎች) ተበይደዋል። አየኋቸው፣ አለፍኳቸው። የግራውንም የቀኙንም ቀየርኩ፣ አበራሁ፣ የግራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ጧ! ፊውዙ ሄደ። ሌላ ተካሁ። ጧ!

ለሻጩ ጻፍኩለት። ደቂቃ ሳይቆይ መለሰ፦ «ወንድሜ፣ አዲሱ ኮይል ጉልበተኛ ስለሆነ ነው፣ ከፍ ያለ ፊውዝ አድርግበት።»

እንዲህ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ከዚያ በኋላ የሚላችሁን ሁሉ አትስሙት። ፊውዙ የሚጠብቀው ኮይሉን ብቻ አይደለም። ትራንስፎርመሩንና ስንት ዓመት የኖረውን፣ በጨርቅ የተሸፈነውን ሽቦ ጭምር ነው። ፊውዙ አልቃጠል ካለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ሽቦው ያለው ደግሞ ደረቅ የእንጨት ሳጥን ውስጥ። እውነቱን ልናገር፣ ትልቁን ፊውዝ እጄ ላይ ይዤ ነበር።

ጥፋቱ የዳዮዱ ነበር። በዲሲ ማሽን ላይ ዳዮድ ኮይሉ ሲጠፋ የሚነሳውን የቮልቴጅ ዝላይ ይውጣል፣ ስለዚህ የግድ ያስፈልጋል። በኤሲ ላይ ግን ኤሌክትሪኩ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር በአንደኛው በኩል ዳዮዱ በሩን ከፍቶ ያሳልፈዋል። ያ እንግዲህ ሾርት ማለት ነው። የፈለገውን ያህል ትልቅ ፊውዝ ብታስገቡ አያድነውም። ባለ ቦርድ ማሽን ያላችሁ ደግሞ በተገላቢጦሹ ተጠንቀቁ፣ ዳዮድ የሌለው ኮይል ቦርዱ ላይ ያለውን ትራንዚስተር ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ዳዮዶቹን ቆርጬ ጣልኳቸው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፣ እልህ ያዘኝ። ፊውዙ ያዘ፣ ፍሊፐሮቹም ተንቀሳቀሱ። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ታማሚው የግራው ያው እንደደከመ ነው፣ ትንሽ ብቻ ተሻለው። ጤነኛው የቀኙ መድፍ ሆነ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ምት ኳሷ ተፈናጥራ መስታወቱን ከስር መታችውና ስትመለስ አንዱን ባለ ስዕል ፕላስቲክ ጥጉን ሰነጠቀችው። ያን ሁሉ ዓመት ሳይነካ የኖረ ፕላስቲክ! ብዙም ሳይቆይ ሽታ መጣ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚመስል። ሜዳውን አንስቼ ሳይ የቀኙ ኮይል ነጭ ወረቀት ቡናማ ሆኗል። ጣቴን አስጠግቼ ቶሎ መለስኩት።

ያኔ ነው አሮጌዎቹን ኮይሎች ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ በቴስተር የለካኋቸው። የግራውና የቀኙ እኩል ናቸው። ደከመ ብዬ ያወጣሁት ኮይል ምንም አልሆነም! ኮይል ከዕድሜ ብዛት እየደከመ አይሄድም፣ ወይ ደህና ነው ወይ ተቃጥሏል ወይ ተበጥሷል። የኪቱን ስለካ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። የፍሊፐር ኮይል ውስጥ ሁለት ጥቅል አለ። አንዱ ወፍራም ሽቦ ነው፣ ለመምታት። ሌላው ቀጭንና ረጅም ነው፣ ቁልፉን ተጭናችሁ ስትቆዩ ኮይሉ ሳይቃጠል ፍሊፐሩን ለመያዝ። ፍሊፐሩ ከመነሳቱ በፊት አንድ ኮንታክት ዝግ ሆኖ (ነጥቦቹ ተነካክተው) ቀጭኑን ጥቅል ያስዘልላል፣ ኃይሉ በሙሉ በወፍራሙ ይሄዳል። ፍሊፐሩ ጫፍ ሲደርስ ኮንታክቱ ይከፈታል፣ ኤሌክትሪኩ በሁለቱም እንዲያልፍ ይገደዳል፣ መጠኑም ይወርዳል። የኪቱ ኮይል የመያዣ ጥቅሉ ከኦሪጅናሉ ግማሽ እንኳ አይደርስም። ሽቦ ቆጥበው «ጉልበት» ብለው ሸጡልኝ።

ታዲያ የግራው ለምን ደከመ? ያችው ኮንታክት ናት። ላሜራዋን በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ አድርጌ በባትሪ ሳያት ነጥቦቿ ጠቁረዋል፣ አንደኛው ጉድጓድ አበጅቷል፣ ሌላኛው ደግሞ ኮረብታ። ተገናኙ ይባላል እንጂ አልተገናኙም። እነዚህ ነጥቦች የተሰሩት ከጠንካራ ተንግስተን ስለሆነ ቀጭን ሞረድ ነው የሚያስፈልጋቸው። (ወርቅ የተቀባ ኮንታክት ያላቸውን ባለ ቦርድ ማሽኖች ግን በሞረድ እንዳትነኳቸው፣ ቅቡ ይላጣል።) ሞረድኩ፣ ከዚያ ፍሊፐሩ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ብቻ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንድትከፈት ላሜራዋን በፒንሳ አስተካከልኩ። ቀድማ ከተከፈተች ፍሊፐሩ መንገድ ላይ ጉልበት ያጣል። ጭራሽ ካልተከፈተች ደግሞ ኮይሉ ይነዳል።

በዚያው ኮይሉ ውስጥ የሚመላለሰውን ብረት አወጣሁት። ጫፉ ከመደብደብ ብዛት እንደ እንጉዳይ ተንጣሎ ቱቦውን እየፋቀ ነበር። ከብረቱ ጋር የሚያያዘው ማገናኛም ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል። ብረቱን፣ ቱቦውንና ማገናኛውን ቀየርኩ። ሦስቱም ጥቃቅን ዕቃዎች ናቸው፣ ከኪቱ ጋር በዋጋ አይወዳደሩም። ቱቦው ውስጥ ግሪስም ዘይትም አታድርጉ፣ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። አንድ የራሴ ጥፋትም አለ። የኋላ እግሮቹን እንደ ዘመናዊዎቹ ማሽኖች ከፍ አድርጌ ሜዳውን ወደ 6 ዲግሪ አካባቢ አጋድዬው ኖሯል። የእኔ ዓይነቱ ደግሞ 3 ተኩል ገደማ ነው የሚወደው። ኳሷ አቀበት እየወጣች ነው ፍሊፐሩን የማማው የነበረው።

አሮጌው ኮይል ተመልሶ ገባ። አሁን የግራው ከላይኛው ኢላማ ጋር በደንብ ይተዋወቃል።

ከኪቱ የቀረው ላስቲክ ለክፉ አይሰጥም፣ ጠንከር ይላል እንጂ። ስፕሬዩን ግን ተጠንቀቁት። «ለኮንታክት» ይላል፣ ከጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ «በቀላሉ ይቀጣጠላል» የሚል አለበት። ኮንታክቶች በተነካኩ ቁጥር ብልጭ የሚሉበት ሳጥን ውስጥ እሱን መርጨት ምን እንደሚያመጣ እናንተው አስቡት።

ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ «የተበየደ ዕቃ አንመልስም» አሉኝ። የተቃጠለውን ወረቀት ፎቶ ላክሁላቸው። «ዳዮዱን ስለቆረጥክ ነው» አሉ። ዳዮዱ እያለማ አይሰራም ነበር እኮ!

እና መግዛታችሁ የግድ ከሆነ ሻጩን ኮይሉ ኤሲ ነው ዲሲ፣ የዕቃ ቁጥሩስ የትኛውን ኦሪጅናል ይተካል፣ የሁለቱ ጥቅሎች ኦም (በቴስተር የሚለካው የመቋቋም መጠን) ስንት ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ከገዛሁ በኋላ ጠይቄው «ጓደኛዬ፣ ጉልበቱን አይተህ ፍረድ» ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ ለምጽፍለት መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ኮይሎቹ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ሁለት ሰዎች «የማትፈልጋቸው ከሆነ በቅናሽ ሽጥልኝ» ብለውኛል። አልሸጥም።