ቱሉ ዲምቱ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት እና የዜግነት ፎርሜ

በትዳር በኩል የአሜሪካ ዜግነት ለማመልከት እየተዘጋጃችሁ፣ በመሀል ቤተሰብ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ብቅ የምትሉ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስላለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አትርቅም። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ትርጉም፣ ስካን» ከሚል ወረቀት ሌላ ምንም የለም። አባቴ የሚኖረው እዚያው ሰፈር ስለሆነ ነው ያገኘኋት። ከዚህ በኋላ ግን ቤታችን ሌላ ሰፈር ቢሆን እንኳ ፈልጌ እሄድባታለሁ።

ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ናት። እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፤ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሌላው አመልካች አምስት ዓመት ሲጠብቅ ዜጋ ያገባ ሰው በሦስት ዓመቱ ማመልከት ይችላል። እንዲያውም ሦስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይፈቀዳል። ግን ካርዱን ይዞ ሦስት ዓመት መቆየት ብቻ አይበቃም። በነዚህ ዓመታት ከባለቤትህ ጋር በትዳር አብረህ መኖር አለብህ። እሷም ሦስቱንም ዓመት ዜጋ ሆና መቆየት አለባት። ይህቺን ብዙ ሰው ይዘነጋታል። ባል ወይም ሚስት ዜግነት ያገኙት አምና ከሆነ የሦስት ዓመቱ መንገድ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ከሦስቱ ዓመት ደግሞ ቢያንስ 18 ወር በአካል አሜሪካ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል።

ኤን 400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ይህን ሁሉ የሚያጣራው የኖርክባቸውን ቤቶችና ከአገር የወጣህባቸውን ቀናት በመጠየቅ ነው። አድራሻው ሳይቆራረጥ ይደረደራል። ከ24 ሰዓት በላይ የሆነ ጉዞ ሁሉ ከቅርቡ ወደ ኋላ ይጻፋል፤ የወጣህበት ቀን፣ የተመለስክበት ቀን፣ የሄድክበት አገር።

እኔን ያስጨነቀኝ የጉዞው ክፍል ነው። አባቴ ታምሞ ከገና ሰሞን እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ አጠገቡ ነበርኩ። ሌላ አስታማሚ አልነበረውም። የተመለስኩት ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ይህ ድንበር ቀልድ አይደለም። አንድ ጉዞ ከስድስት ወር አልፎ ከዓመት በታች ከሆነ ነዋሪነትህ እንደተቋረጠ ይገመታል። አልተቋረጠም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም ባንተ ላይ ይወድቃል። ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነማ ተቋርጧል። ስለዚህ «በገና ሰሞን መጣሁ፣ በሰኔ ሄድኩ» ብሎ መሙላት ለኔ የሚሆን ነገር አልነበረም። ቁርጥ ያለ ቀን ፈልጌያለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት መሀል ከተማ ያለ አንድ «የጉዞ ማማከር» ቢሮ ነበር። ስሙን አላነሳም። ጠረጴዛው ያምራል፣ ቡናም አቀረቡልኝ። ሰውዬው ፓስፖርቴን ሳይገልጥ «ወንድሜ፣ ወሩን ካስታወስክ ቀኑን በግምት ሙላው፣ ማንም አያጣራም» አለኝ። ሒሳቡንም ጠራ። አመስግኜ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ምክር በገንዘብ መሸጡ እስካሁን ያናድደኛል። ፎርሙ ላይ የምትፈርመው እውነት ነው ብለህ ነው። መርማሪው ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ የድሮ ፋይልህን ጭምር ዘርግቶ ነው የሚጠብቅህ።

ፎቶ ኮፒ ቤቷን የያዘችው አንዲት ወጣት ሴት ናት። ስሟን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ስገባ ወረፋ ነበር። ከፊቴ አንዲት ልጅ ከአጎቷ ጋር ተቀምጣ ዲኤስ 260 የሚባለውን የኢሚግራንት ቪዛ ማመልከቻ ትሞላለች። ባሏ አሜሪካ ነው፣ ቪዛዋን እየጠበቀች ነው። ያ ፎርም ከ16 ዓመትሽ ጀምሮ የኖርሽበትን ቦታ በሙሉ ይጠይቃል። አጎትየው «አንዱን አድራሻ ጻፊና ይለቅ፣ ምን ያንዛዛዋል» ይላሉ። ሴትየዋ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ «ጋሼ፣ ነገ ዜግነት ስትጠይቅ ይህንኑ ያወጡባታል። አሁን አሟልተን እንሙላው» አለቻቸው። ከዚያ ልጅቷን አንድ በአንድ ትጠይቃት ጀመር። ደሴ ከአያቷ ጋር የኖረችበት፣ ለትምህርት የተከራየችበት፣ ከዚያ የአሁኑ ኮንዶሚኒየም። የመንገድ ስም የለም፤ ስለዚህ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር እያለች በአንድ ዓይነት አጻጻፍ አሰፈረችው። «ይህን ወረቀት አስቀምጪው፣ ወደፊት ስትሞዪ ከዚህ ላይ ቅጂው» ብላ አትማ ሰጠቻት። እዚያው ቁጭ ብዬ ልቤ አረፈ።

ተራዬ ሲደርስ ፓስፖርቴን ተቀብላ ቅጠል በቅጠል ገለጠችው። ከዚያ ደብተር አውጥታ አራት አምድ አሰመረች፦ ከአሜሪካ የተነሳህበት፣ ቦሌ የገባህበት፣ ከቦሌ የወጣህበት፣ አሜሪካ የገባህበት። እኔ ማህተሙን ዓይቶ መገልበጥ ይበቃል ብዬ ነበር የማስበው። እሷ ያሳየችኝ ግን ይህ ነው፦ ከዋሽንግተን ጠዋት የተነሳ አውሮፕላን ቦሌ የሚያርፈው በማግስቱ ነው። ፎርሙ የሚጠይቀው ከአሜሪካ የወጣህበትን ቀን ነው፣ የቦሌ ማህተም የያዘው ግን የማግስቱን ነው። ስትመለስም እንደዚያው፤ ማታ ከቦሌ ተነስተህ አሜሪካ የምትገባው በማግስቱ ጠዋት ነው። አሜሪካ ስትወጣ ማህተም አይመታልህም፤ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ሲገባም ብዙ ጊዜ አይመቱም። ስለዚህ ከአራቱ አምዶች ፓስፖርቱ የሚሞላው መሀለኞቹን ሁለቱን ብቻ ነው። የዳርና ዳሩን የምታገኘው ከቲኬቱ ነው።

ኢሜይሌን ከፈትኩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን የድሮ ቲኬቶች አንድ በአንድ አወጣን። ቲኬት ብቻውን አላሳመናትም፤ «ቀን ቀይረህ እንደሆነስ?» እያለች ከማህተሙ ጋር ታስተያያለች። አንደኛው ማህተም ቀለሙ ተበትኖ ቀኑ 3 ይሁን 8 አይለይም ነበር። ስካን አድርጋ በስክሪኑ ላይ አጎላችው፣ ብርሃኑን ቀነሰችው፣ ጨመረችው። አሁንም አልለይ አለ። መገመት አልፈለገችም። «የመሳፈሪያ ወረቀትህን ፎቶ አንስተህ ለባለቤትህ ልከህ አታውቅም?» አለችኝ። ቴሌግራሜን ወደ ኋላ ሳገላብጥ አገኘሁት፤ ቦሌ ተቀምጬ የላክሁት ፎቶ ከነቀኑ ነበር። 8 ነው። አምዱ ውስጥ በእስክሪብቶ ጻፈችው፣ ከጎኑም «ከፎቶ» ብላ ምንጩን አሰፈረች።

የቀን አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው። ቤተሰብ የሚያስታውሰው በበዓል ነው። ወንድሜ «ለ2016 እንቁጣጣሽ መጥተህ አልነበር» ሲለኝ ማንም ሰው ሴፕቴምበር 11 ብሎ ይጽፋል። 2015 ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ይህን ሳትጽፍ በቃሏ ነገረችኝ። ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት የሚለውንም ልዩነት እንዲሁ። ግድግዳዋ ላይ የሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን የታተመበት ካላንደር ተለጥፏል፣ ያለፉት ዓመታት ጭምር። በስልክ መቀየሪያ የምትሠሩ እዚያ ላይ አመሳክሩ።

አንድ ጉዞዬ በዱባይ በኩል ነበር። «ከኤርፖርት ወጥተሃል ወይስ እዚያው ጠበቅህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሆቴል አድሬያለሁ። ማስታወሻ ያዘችልኝ። ለፎርሙ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት «እሱን ለጠበቃ ጠይቅ፣ እኔ ቀን ነው የማጠራልህ» አለችኝ። ይህን መልስ ከምንም በላይ ወደድኩት። የሕግ ምክር አትሰጥም፣ የምታውቀውንና የማታውቀውን ለይታ ትናገራለች። መሀል ከተማ ያጣሁት ይህንኑ ነው።

ስንጨርስ ረጅሙ ጉዞ በግልጽ ከስድስት ወር በታች ሆኖ ወጣ። በአካል ለመገኘት ሒሳብ የወጣህበት ቀንም የተመለስክበት ቀንም አሜሪካ እንደነበርክ ይቆጠርልሃል፤ ይህን ከጠበቃችን ሰምቼ ስለነበር አራት አምዷ ለዚያም ሒሳብ በጣም ጠቀመኝ። የአባቴን የሕክምና ወረቀትም አስተረጎምኩ፣ ለምን ያን ያህል እንደቆየሁ ቢጠይቁኝ እንዳሳይ። እዚህ ላይም ሐቀኛ ነበረች። ለአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት የሚገባ ትርጉም ሙሉ መሆን አለበት፣ ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ጽፎ መፈረም አለበት። ሌላ ማህተም ፍለጋ ውልና ማስረጃ ድረስ ተሰለፍ አላለችኝም። ብትለኝ እሄድ ነበር፣ እሷም ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ታስከፍለኝ ነበር።

የማይመቸውንም ልንገራችሁ። ቤቷ ጠባብ ናት፤ የጠየቀችህን ሁሉ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ይሰማል። ስለ ትዳርና ስለ ሕመም እያወሩ ይህ ደስ አይልም። ጄኔሬተር የላትም፣ መብራት ከሄደ ሥራው ይቆማል፤ እኔንም አንድ ጊዜ ነገ ተመለስ ብላኛለች። ከሁሉ በላይ ያላስደሰተኝ ግን የስካን ፋይሉ ነው። አብሯት የሚሠራው ልጅ የፓስፖርቴን ስካን ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ትቶት አየሁ፣ ከኔ በፊት የመጡ ሰዎች ወረቀትም እዚያው ተደርድሯል። ስናገር ወዲያው አጠፉት፣ ቅርጫቱንም ባዶ አደረጉት። ሳይነገራቸው ሊያደርጉት ይገባል። የሰው ፓስፖርት ነው፣ የሰው ሕይወት ነው። የናንተን በፍላሽ ተቀብላችሁ እዚያው ቆማችሁ አስጠፉ።

ፎርሙን በኦንላይን መሙላት ከፈለጋችሁ የይለፍ ቃላችሁን አትጠይቅም። ኪቦርዱን ወደናንተ አዙራ ፊቷን ትመልሳለች። እኔ ግን አካውንቴን እዚያ አልከፈትኩም፤ ደብተሩን ፎቶ አንስቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ሞላነው። የኖርንባቸውን ቤቶች ቀን ከኪራይ ውላችን ጋር ያስተያየችው ባለቤቴ ናት፤ አብረን የገባንበትና የለቀቅንበት ቀን የሁለታችንም አንድ እንዲሆን።

ዋጋዋ ጽሕፈትና ትርጉም በገጽ ነው፤ ቀን ለማጥራቱ ለብቻው ትጠይቃለች። መሀል ከተማ ከተጠራብኝ ከግማሽ በታች ነው የከፈልኩት። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ ይረሳል።

ስትሄዱ ያለቀበትንም የአሁኑንም ፓስፖርት ያዙ። የቲኬት ኢሜይሎቻችሁን ቀድማችሁ ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ እዚያ ኔትወርክ ደካማ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ለፕሪንት ይሞሉባታል። በጠዋት፣ ገና በሯን ስትከፍት ድረሱ፤ ያኔ ጊዜ ወስዳ ትሠራላችኋለች።